ያልበሰለ ልጅ መርጦ ማሳደግ፦ የስህተቱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

የማዕዘን ሦስት (ይህን የውይይት ክር በመድረኩ ላይ የከፈተ)

የኤንቢኤ (የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ) ድራፍት ምሽት፣ ማለትም ክለቦች በአብዛኛው ደካማዎቹ እየቀደሙ በተራ ቁጥራቸው አዳዲስ ወጣቶችን የሚመርጡበት ምሽት፣ በደረሰ ቁጥር አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ ይነሳል። ቁመተ ረጅም፣ ክንደ ረጅም፣ ሲሮጥ እንደ አጭር ሰው የሚቀል፣ ግን ኳስ ሲይዝ የሚደናገር የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ስሙ ይጠራል። ግማሹ ተመልካች «ቀጣዩ ያኒስ» ይላል፣ ኮከብ ይሆናል ማለቱ ነው፤ ግማሹ «ቀጣዩ ዳርኮ» ይላል፣ ሳይሳካለት ይቀራል ማለቱ ነው። ከዚያ ወራት ሙሉ ስለ ልጁ ይወራል። ስለ ወሰደው ቡድን የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከዚያ ወገን ልጀምር።

በ2001 ዋሽንግተን ዊዛርድስ ክዋሚ ብራውንን በ1ኛ ቁጥር ወሰደ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ መጥቶ አንደኛ ሲመረጥ የመጀመሪያው ነበር። የመረጠው ማይክል ጆርዳን ነው። ብዙም ሳይቆይ ጆርዳን ራሱ በ38 ዓመቱ ማሊያ ለብሶ ወደ ሜዳ ተመለሰ። እንግዲህ አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሊሠራ ተነሳ፦ ዕድሜው ያለፈውን ሰው ለፕሌይ ኦፍ (ለዋንጫ ለሚፋለሙበት ዙር) ማብቃት፣ የ19 ዓመቱን ልጅ ደግሞ ሀ ሁ ማስቆጠር። ክዋሚ በዚያ ዓመት በአማካይ 4.5 ነጥብ አስቆጠረ። ልጁ በሳተ ቁጥር የሚባክነው የጆርዳን የመጨረሻ ዓመታት ስለነበር የመሳሳት ፈቃድ አልነበረውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዲትሮይት ፒስተንስ ዳርኮ ሚሊቺችን በ2ኛ ቁጥር መረጠ። ያ የምርጫ ቁጥር የመጣው በ1997 ኦቲስ ቶርፕን ለቫንኩቨር ሰጥተው በተቀበሉት ልውውጥ ነው፤ ማለትም ቡድኑ ደካማ ስለሆነ ያገኘው ዕድል አልነበረም። ጠንካራ ነበር፣ በ2004 ሻምፒዮን ሆነ። ዳርኮ በዚያ ዓመት 34 ጨዋታ ገባ፤ በጨዋታ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላለትም። ከእሱ በኋላ ካርሜሎ አንቶኒ፣ ክሪስ ቦሽ እና ድዌይን ዌድ በተከታታይ መመረጣቸውን ሁሉም ያውቃል።

አሁን ሚልዋኪ ባክስን እዩ። በ2013 ከግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ያኒስ አንቴቶኩምፖን በ15ኛ ቁጥር ወሰዱ። ባክስ በዚያ ዓመት 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ፤ በክለቡ ታሪክ ከዚያ የከፋ ውጤት የለም። ለደጋፊው መከራ ነበር። ለልጁ ግን ሜዳው ክፍት ሆነለት፤ 77 ጨዋታ ተጫወተ። አማካዩ 6.8 ነጥብ ነበር፤ በየዓመቱ ወደ 12.7፣ ወደ 16.9፣ ወደ 22.9 እያለ ወጣ። በ2019 እና በ2020 የሊጉ ኮከብ ተባለ። በ2021 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ 50 ነጥብ አስቆጥሮ፣ ፊኒክስን አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። ቡድኑ «ይህ ልጅ ወደፊት ምን ይወጣዋል?» ብሎ ከማለሙ በፊት ሁለት ነገር ይመልስ። ዛሬ ማታ ሜዳ ላይ የሚሠራት አንዲት ሥራ ምንድን ናት? ሲሳሳትስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ለሁለቱ መልስ የሌለው ቡድን የምርጫ ቁጥሩን ለሌላ አሳልፎ ቢሰጥ ይሻለዋል። ለልጁም ይሻለዋል፤ ይህችኛዋ ስለምትረሳ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

ስድስተኛው ሰው

ወንድሜ፣ ሦስቱን ምሳሌ የመረጥከው ውጤታቸውን ካወቅህ በኋላ ነው። ያኒስ ስለተሳካለት ሚልዋኪ ጥሩ ቤት ሆነ፤ ክዋሚ ስላልተሳካለት ዋሽንግተን መጥፎ ቤት ሆነ። ቤቱን መፈተን ከፈለግህ አንድ ቤት የገቡ ሁለት ልጆችን ውሰድ።

ቶሮንቶ ራፕተርስ በ2014 ብሩኖ ካቦክሎን ከብራዚል በ20ኛ ቁጥር አመጣ። በዚያው ምሽት በቴሌቪዥን «ሁለት ዓመት ይቀረዋል ለማለት ራሱ ሁለት ዓመት ይቀረዋል» የተባለለት ልጅ እሱ ነው። በ2016 ደግሞ ካሜሩናዊውን ፓስካል ሲያካምን በ27ኛ ቁጥር ወሰዱ። ሁለቱም ወጣቶች በሚሠለጥኑበት የክለቡ የልማት ቡድን፣ በራፕተርስ 905፣ አልፈዋል። በ2017 ያ ቡድን የልማት ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ሁለቱም ነበሩበት፤ የፍጻሜው ኮከብ ሲያካም ሆነ። በ2019 ሲያካም በኤንቢኤ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ጎልደን ስቴት ላይ 32 ነጥብ ጫነ፣ ዋንጫም አነሳ። ካቦክሎ ያኔ ከቶሮንቶ ከወጣ ቆይቷል፤ በ2018 ወደ ሳክራሜንቶ ተሸኝቷል።

ቤቱ አንድ፣ አስተማሪው አንድ። ታዲያ ልዩነቱን ከየት እናምጣው? ከልጁ ነው እንጂ!

ደቂቃ መስጠትም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ኦክላሆማ ሲቲ በ2020 አሌክሴ ፖኩሼቭስኪን በ17ኛ ቁጥር ወሰደ፤ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ቡድኑ በዚያ ዓመት 22 ብቻ ነው ያሸነፈው፣ ማለትም አንተ የምትለው ክፍት ሜዳ ነበረለት። ደቂቃ ጠግቦ ተጫወተ። በ2024 ግን ለቀቁት።

ግራ እጅ

ሚልዋኪ ራሱ ያኒስን ለመድገም ሞክሯል እኮ። በ2016 ቶን ሜከርን በ10ኛ ቁጥር ወሰዱ። በዚያው ምሽት በ36ኛ ቁጥር ማልኮም ብሮግደን የሚባል ኮሌጅ ጨርሶ የመጣ የ23 ዓመት ሰው ወሰዱ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የሆነው ብሮግደን ነው። ሜከር በ2019 ወደ ዲትሮይት ሄደ።

ሪባውንድ

ግራ እጅ ያነሳው ነገር መታለፍ የለበትም። ደጋፊ የሚያስታውሰው በ15ኛ የተገኘውን ያኒስን ነው፤ በየዓመቱ እየተመረጡ ድምፃቸው ሳይሰማ የሚወጡትን ማንም አይቆጥርም። ሻምፒዮን ከምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለግን የ2025ቱን ኦክላሆማ ሲቲ እንፍታው። 68 አሸንፎ 14 ተሸንፎ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው። ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር በ2019 በልውውጥ ከክሊፐርስ የመጣ ነው። በፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ 40 ነጥብ ያስቆጠረው ጄለን ዊልያምስ በ2022 በ12ኛ ቁጥር ሲመረጥ ሳንታ ክላራ ሦስት ዓመት ተጫውቶ የመጣ ነበር። ሉ ዶርትን በድራፍት ማንም አልመረጠውም። ጥሬ ተብሎ የመጣው ፖኩሼቭስኪ በሰልፉ ላይ የለም።

ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ደግሞ ኮከቦቹ ሳያረጁ ቀጣዩን ትውልድ ጎን ለጎን አሳድጋለሁ ብሎ ተነሳ። ጄምስ ዋይዝማንን በ2020 በ2ኛ ቁጥር ወሰደ፤ ልጁ ኮሌጅ የተጫወተው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የተመረጠው ላሜሎ ቦል ነው። ዋይዝማን ጉልበቱን ተጎድቶ አንድ ዓመት ሙሉ አመለጠው፤ ለዋሪየርስ 60 ጨዋታ ተጫውቶ በ2023 ተሸኘ። በ2021 ጆናታን ኩሚንጋን በ7ኛ ወሰዱ፤ 8ኛው ፍራንዝ ቫግነር ነበር። በ2022 ዋንጫ ሲወስዱ የተሸከሟቸው እነ ኩሪ፣ እነ ዊጊንስ፣ እነ ድሬሞንድ ናቸው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አሰልጣኙ እስቲቭ ከርም ይህን ስለሚያውቅ ጨዋታው ሲከብድ ልጆቹን ያስቀምጣቸው ነበር።

እኔ ብሆን ከ10ኛ ቁጥር በታች ሁልጊዜ በሳሉን እወስዳለሁ። የአንደኛና የሁለተኛ ቁጥር ሌላ ነገር ነው።

የማዕዘን ሦስት

ስድስተኛው ሰው፣ የካቦክሎና የሲያካም ንጽጽር እዚህ ክር ላይ እስካሁን ከቀረበው ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልመልስህ።

ሲያካም በመጀመሪያ ዓመቱ ሜዳ ሲገባ ሥራው የታወቀ ነበር። ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ይሮጣል፣ የሚመጣበትን ሁሉ ይከላከላል፣ የተረፈ ኳስ ይለቅማል። ያችን ስለሚችል የቡድኑ ቋሚዎች ውስጥ ገብቶ 38 ጨዋታ ጀመረ። ሌላውን፣ ማለትም ድሪብሉን (ኳስ እያነጠሩ መሄዱን)፣ ዞሮ መወርወሩን፣ ከማዕዘን የሚወረውራትን ሦስት ነጥብ፣ 905 ውስጥ ሄዶ ጨመረው። ካቦክሎ ሲመጣ ግን ያችን አንዲት ሥራ ይዞ አልመጣም፤ ክንዱንና ተስፋውን ይዞ ነው የመጣው። ፖኩሼቭስኪም እንዲሁ፤ ኳስ አምጣ፣ አቀብል፣ ከሩቅ ወርውር፣ ቀለበት ጠብቅ ተባለ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ደቂቃ ያለ ሥራ ልጅን አያሳድግም፤ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ።

ስለ ካቦክሎ አንድ ነገር ልጨምር። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ብራዚል ከአሜሪካ ጋር ስትጫወት እነ ሌብሮን፣ እነ ዱራንት በተሰለፉበት ቡድን ላይ 30 ነጥብ አስቆጥሯል። 28 ዓመቱ ነበር፤ ከተመረጠ 10 ዓመት ሞልቶታል። ልጁ ውስጥ የነበረው ነገር ውሸት አልነበረም። የቶሮንቶ የጊዜ ሰሌዳና የልጁ የጊዜ ሰሌዳ ነው ያልተገናኘው።

የታዳጊ አሰልጣኝ

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። ዘመኔን ሁሉ ታዳጊ ሳሰለጥን ስለኖርኩ ከሜዳው ወገን ጥቂት ልጨምር። «ጥሬ» በምትለው አንዲት ቃል ሦስት ዓይነት ልጅ አንድ ላይ እያሰራችሁ ነው። ሦስቱ የሚሰለጥኑት በተለያየ መንገድ ነው።

አንደኛው ዘግይቶ የጀመረ ነው። ሃኪም ኦላጁዋን ቅርጫት ኳስ ከመንካቱ በፊት የእጅ ኳስ ተጫዋችና የእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ነበር። ሁላችሁም የምታደንቁት የእግር አጣጣሉ ከዚያ የመጣ ነው። ጆኤል ኤምቢድ በ15 ዓመቱ አካባቢ ነው የጀመረው፤ ከዚያ በፊት መረብ ኳስ ይጫወት ነበር። ሲያካምም ለቅስና በሚያስተምር ትምህርት ቤት የቆየ ልጅ ነው፤ ኳሱ ዘግይቶ ነው የመጣበት። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ስትመዝኑ የዛሬውን ደረጃ ከእኩዮቹ ጋር አታወዳድሩ። ከጀመረበት ቀን አንሥቶ የሄደውን ርቀት ለኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌላው በስምንት ዓመት የተማረውን ከያዘ ልጁ ገና አላቆመም ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰውነቱ ቀድሞ የደረሰ ነው። በ15 ዓመቱ ከሁሉም በላይ ስለሚረዝም ዘሎ ማስቆጠር ብቻ በቂው ነበር፤ ምንም መማር አላስፈለገውም። ይህ ልጅ ቪዲዮው ላይ ከሁሉም በልጦ ይታያል፤ ለእኔ ግን ከሦስቱ በጣም የሚያሰጋኝ እሱ ነው። እኩዮቹ ሲደርሱበት የሚጥለው ካርታ የለውም።

ሦስተኛው ዘግይቶ ያደገ ነው፣ ቁመት ማለቴ ነው። አንቶኒ ዴቪስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በአጭር ጊዜ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሯል። አጭር ሳለ የጋርድ (ኳስ ይዞ የሚያመጣ አጭር ተጫዋች) ጨዋታ ተምሮ ነበርና ረዝሞ እንኳ እጁ አልጠፋበትም። ያኒስም ከተመረጠ በኋላ ቁመት ጨምሯል። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ጥሬ የሚመስለው አዲሱን አካሉን ገና ስላልለመደው ነው። ዓመት ስጡት፣ ክብደት ያንሳ፣ ይብላ፣ ይተኛ።

ዕድሜም አለ። ሃሺም ታቢት በ2009 በ2ኛ ቁጥር ለሜምፊስ ሲመረጥ ኮኔቲከት ሦስት ዓመት ተጫውቶ 22 ዓመቱ ነበር። በ18 ዓመቱ ጥሬ የሆነና በ22 ዓመቱ ጥሬ የሆነ አንድ አይደሉም። 3ኛው ጄምስ ሃርደን፣ 7ኛው ስቴፈን ኩሪ ነበሩ። ታቢት በመጀመሪያው ዓመቱ ወደ ልማት ሊግ ተላከ፤ እስከዚያ ቀን ከእሱ በላይ በሆነ ቁጥር ተመርጦ ወደዚያ የተላከ አልነበረም።

አሁን ምን ይማራል፣ ምን አይማርም የሚለውን ልንገራችሁ። ውርወራ ይማራል። ግን የሚማርበት ምልክት አለው፤ ሦስት ነጥቡን ትታችሁ ቅጣት ምቱን እዩ። ቅጣት ምት ላይ ማንም አይጋርደውም፣ አይቸኩልም፤ እጁ ምን እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ካዋይ ሌናርድ ሳን ዲዬጎ ስቴት ሳለ ከሦስት ነጥብ ርቀት ከ30 በመቶ በታች ነበር። ቅጣት ምቱ ግን ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ሳን አንቶኒዮ በ2011 በልውውጥ ጆርጅ ሂልን ለኢንዲያና ሰጥቶ ሲያመጣው የውርወራ አሰልጣኙ ቺፕ ኤንግላንድ የኳስ አያያዙን አስተካከለለት። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ ወደ 38 በመቶ መታ። በ2014 የፍጻሜው ኮከብ ሆነ።

በ19 ዓመቱ ለማስተማር የሚከብደው እጅ ነው፤ ኳስ የሚቀበል እጅ። በሩጫ ላይ የመጣለትን ኳስ የሚያፈስ ረጅም ልጅ በ25 ዓመቱም ያፈሳል። ሁለተኛው ጨዋታ ማንበብ ነው፤ ኳሱ የት እንደሚሄድ ከሌሎቹ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ማየት። ይህ ይሻሻላል፣ ከምንም ግን አይፈጠርም።

ያኒስን በተመለከተ ባክስ በትክክል ያደረጉት ነገር ብዙ ጊዜ ሲሳሳት እሰማለሁ። ውርወራው እስኪስተካከል አልጠበቁም፤ እስከ ዛሬም አልተስተካከለም። ጄሰን ኪድ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ልጁ ሜዳው ሲከፈት በአራት እርምጃ ቀለበት እንደሚደርስ አየ፤ በ2016 ኳሱን አስይዞ ፖይንት ጋርድ (ጨዋታውን የሚመራ) አደረገው። ደካማ ጎኑን ሲያሹ ከመክረም ጠንካራ ጎኑ የሚሠራበትን ቦታ ፈለጉለት።

ውል አንባቢ

አሰልጣኝ፣ እናመሰግናለን። እርስዎ «ዓመት ስጡት» ሲሉ እኔ የምጠይቀው ስንት ዓመት አለ የሚለውን ነው። በወረቀት ላይ መልሱ አጭር ነው።

በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ውሉ እስከ አራት ዓመት ነው። ሁለቱ ዓመት የተረጋገጠ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ቡድኑ ከፈለገ የሚያጸናው። የሦስተኛውን ዓመት ማጽናት ያለበት ግን ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን በሚጀምርበት ወቅት፣ እስከ ኦክቶበር 31 ነው። ማለትም አንድ የውድድር ዓመት ብቻ አይቶ ይወስናል። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ስለ ማራዘሚያ ይነጋገራሉ፤ ያኔ የ18 ዓመቱ ልጅ 21 ሞልቶታል፣ አሰልጣኝ እንደሚሉት ገና አካሉን እየለመደ ነው። ቡድኑ ወይ ላላየው ነገር ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፣ ወይ ሌላ ያበላዋል።

ሌላ ሲበላው ታሪክ ብዙ ነው። ፖርትላንድ ጀርሜይን ኦኒልን በ1996 በ17ኛ ቁጥር ከሁለተኛ ደረጃ ወሰደው፤ አራት ዓመት በጠንካራ ቡድን ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ2000 ዴል ዴቪስን ለማግኘት ለኢንዲያና ሰጡት። ኦኒል በ2002 ከሁሉ የላቀ ለውጥ ያሳየ ተጫዋች ተባለ፣ ስድስት ጊዜ ለኦል ስታር (ለኮከቦች ጨዋታ) ተመረጠ። ፖርትላንድ አስተማረ፣ ኢንዲያና አጨደ። በቅርቡም ኒው ኦርሊንስ ዳይሰን ዳኒየልስን በ2022 በ8ኛ ቁጥር ወስዶ በሁለት ዓመቱ ለአትላንታ አሳልፎ ሰጠ፤ ዳኒየልስ እዚያ በሄደበት ዓመት በጨዋታ በአማካይ 3 ኳስ እየነጠቀ ሊጉን መራ፣ በ2025 ያንኑ የኦኒልን ሽልማት ወሰደ።

ለማዕዘን ሦስት አንድ ነገር ላስታውስ፤ ክርክርህን የሚያጠነክር ይመስለኛል። የልማት ሊጉ በ2001 በስምንት ቡድን ሲጀመር የኤንቢኤ ቡድኖች ተጫዋቾቻቸውን ወደዚያ መላክ አይችሉም ነበር። የተፈቀደው ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ ካደረጉት ከ2005ቱ ስምምነት በኋላ ነው። ክዋሚ 19 ዓመቱ ሳለ የሚላክበት ቦታ አልነበረውም። ዳርኮም በዲትሮይት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንዲሁ። ምርጫቸው ሁለት ነበር፤ ዋናው ሜዳ ወይም ወንበር። በዚያው ስምምነት ልጆች ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ እንዳይመጡ የ19 ዓመት ገደብ ተደረገ፤ ከ2006ቱ ድራፍት ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ግራ እጅ

ይህን አላውቅም ነበር። ዳርኮ ለአንድ ዓመት ሙሉ እውነተኛ ጨዋታ አላገኘም ማለት ነው!

ስድስተኛው ሰው

ውል አንባቢ ያመጣው ነገር ትልቅ ነው፤ ለክዋሚና ለዳርኮ እውነት ይሠራል። ዛሬ ግን ያ ሰበብ የለም። ከ2024–25 ጀምሮ 30ዎቹም ቡድኖች የየራሳቸው የልማት ቡድን አላቸው። ሩዲ ጎቤር ዩታ ሲገባ ብዙ ክለቦች ይጋሩት ወደነበረው የልማት ቡድን፣ ወደ ቤከርስፊልድ ነበር የሚላከው፤ ቢሆንም በ27ኛ ቁጥር የተመረጠው ልጅ አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆኗል። እንግዲህ ዛሬ ቦታም፣ አሰልጣኝም፣ የምግብ ባለሙያም እያላቸው የማይወጡ ልጆች ካሉ ወደ ልጁ መመለሳችን አይቀርም። ሪባውንድ፣ ስለ ኩሚንጋ ያልሽውም ለእኔ እንደዚያው ነው። ደቂቃ አግኝቷል፤ አስቆጥሯል። ያልቻለው ኳስ ሳይዝ መጫወትን ነው።

ሪባውንድ

ኩሚንጋ ላይ አልስማማም፤ ፍርዱ ከብዶብኛል። ልጁ 18 ዓመቱ ላይ ነው የገባው፣ ያውም ቋንቋው ለየት ወዳለ ቡድን። ዋሪየርስ የሚጫወቱት ያለማቋረጥ በመንቀሳቀስ፣ በመጋረድ፣ ኳስ እጅ ላይ ሳይቆይ በማቀበል ነው። የ30 ዓመት ሰው እንኳ ያንን ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። ለኩሚንጋ የሚስማማው ኳስ ይዞ ወደ ቀለበት መምታት ነው። በ2025 ፕሌይ ኦፍ ከሰልፍ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። ኩሪ ሚኒሶታ ላይ ሲጎዳ ግን አስገቡት፤ በሦስተኛው ጨዋታ 30 ነጥብ አስቆጠረ። ያቺ ጨዋታ የምታሳየው ልጁ ሥራ እንዳለው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያ ሥራ የኩሪ ነው፤ ከኩሪ ደግሞ ማንም አይቀማውም፣ ልክም ነው።

ስለዚህ ቤትና ልጅ ለየብቻ አይመዘኑም። ከላይ «በሳሉን እወስዳለሁ» ያልኩት ለጠንካራ ቡድን ነው፤ አሁንም በዚያው ነኝ። ኩሚንጋ ሻርለት ወይም ዲትሮይት ገብቶ ቢሆን የምናወራው ሌላ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስድስተኛው ሰው

ያ ጨዋታ ተሸንፈውታል እኮ። 30 ነጥብ ማስቆጠርና ቡድን ማሸነፍ ይለያያሉ።

ሪባውንድ

ኩሪ የሌለበት ጎልደን ስቴት በማን አሸነፈ? የተጠየቀውን ሠርቷል፤ ከዚያ በላይ ከአንድ የ22 ዓመት ልጅ አልጠብቅም።

የማዕዘን ሦስት

ሁለታችሁም ያላችሁት ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሰኛል። ጎልደን ስቴት ኩሚንጋን ሲወስድ «ዛሬ ማታ ሥራው ምንድን ነው?» የሚለውን መልሶ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ይመርጥ ነበር፤ ከማዕዘን ቁም፣ ያንን ረጅም አጥቂ ጠብቅ፣ ሌላ አንፈልግም። ክሊንት ካፔላ ከሂውስተን ጋር እንዲያ ነው የተሠራው። በ2014 በ25ኛ ቁጥር የተመረጠ፣ ውርወራ የሌለው ልጅ ነበር። የባልንጀራህን ተከላካይ ጋርደው፣ ወደ ቀለበት ሩጥ፣ የሚወረወርልህን ደፍነህ አግባ፣ ተመልሰህ ቀለበት ጠብቅ ተባለ። አራት ነገር ነው፤ እነሱን አጥርቶ ሃርደን አጠገብ ዓመታት ተጫወተ።

ሌላው የምጨነቅበት ነገር እንዲህ ዓይነት ልጆች ራሳቸው እየቀነሱ መምጣታቸው ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ስለተፈቀደላቸው ቶሎ ለመውጣት የሚያስቸኩላቸው ነገር ቀንሷል። ኩሚንጋ፣ ጄለን ግሪን፣ ስኩት ሄንደርሰን እና ዳኒየልስ የወጡበት የልማት ሊጉ የወጣቶች ቡድን፣ ጂ ሊግ ኢግናይት፣ በ2024 ተዘግቷል። ለልጆቹ ጥሩ ይመስለኛል፤ በ20 ዓመት ኮሌጅ ውስጥ 30 ደቂቃ መጫወት በ19 ዓመት ወንበር ላይ ከመቀመጥ ይሻላል። ለቡድኖቹ ደግሞ ስህተቱን ሌላ ሰው ከፍሎላቸው የመጣ ልጅ ያገኛሉ።

ውል አንባቢ

እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጠፋል። በ20 ዓመቱ ኮሌጅ ውስጥ በደንብ የታየ ልጅ በ15ኛ ቁጥር አይገኝም። ያኒስ በ15ኛ የተገኘው በቂ ሰው ስላላየው ነው። ኒኮላ ዮኪች በ2014 በ41ኛ ቁጥር ተመርጦ አንድ ዓመት ሰርቢያ ውስጥ ቆይቶ ነው ዴንቨር የመጣው፤ ያ ዓመት ለዴንቨር ደመወዝም ሆነ ቦታ አላስወጣም። ውጭ አገር ማቆየት የሚባለው መንገድ አሁንም ክፍት ነው፣ ቡድኖች እየረሱት እንጂ። ሰርጅ ኢባካም በ2008 በ24ኛ ተመርጦ አንድ ዓመት ስፔን ውስጥ ተጫውቶ ነው ኦክላሆማ የገባው። ልጁ ከአዋቂዎች ጋር በየሳምንቱ ይጫወታል፣ የውሉም ሰዓት ገና አልተነሳም።

ግራ እጅ

አሰልጣኝ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ውሉ እንደተባለው አንድ ዓመት አይቶ ማጽናት ከሆነ እርስዎ በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ፣ ለምሳሌ የላስ ቬጋስ በጋ ሊግ (በጁላይ ወጣቶች የሚፈተሹበት ውድድር) ላይ፣ ልጁን ሲያዩት ምን ይፈልጋሉ? ነጥቡን ከሆነ እኛም እናያለን።

የታዳጊ አሰልጣኝ

ነጥቡን ተወው ልጄ፤ በጋ ሊግ ላይ ማንም ያስቆጥራል።

እኔ መጀመሪያ የማየው ስህተቱ አዲስ መሆኑን ነው። ባለፈው ዓመት መከላከል ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሰው ያመልጠው ከነበረ ዘንድሮም እዚያው ላይ ካመለጠው እሰጋለሁ። ዘንድሮ ዞሮ ካየው በኋላ ዘግይቶ ከደረሰ ደስ ይለኛል፤ ስህተት ነው፣ ግን ሌላ ስህተት ነው፣ አንድ ደረጃ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ መከላከል ላይ አፉን ይከፍታል ወይ? የሚናገር ልጅ የሚመጣውን እያየ ነው። ዝም የሚል ግን ገና ኳሱን ብቻ እያሳደደ ነው። ሦስተኛ ቅጣት ምቱ፤ ስላልኩት አልደግመውም። አራተኛ፣ በአራተኛው ሩብ ደክሞ ሳለ የእግሩን አቋቋም። አዲስ የተማረው ነገር ድካም ሲመጣ ቀድሞ የሚጠፋው ነው፤ ካልጠፋ ገብቷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን አሰልጣኙን ተመልከት። ኪድ በ2014 ሚልዋኪ እንደገባ በዚያው የበጋ ሊግ ላይ ነው ያኒስን ኳስ አስይዞ ያሰለፈው፣ ዋናው ቡድን ውስጥ ከማድረጉ በፊት። ቡድኑ ለሚቀጥለው ዓመት ለልጁ ያሰበለትን ሥራ እዚያ ላይ ሲሞክረው ካየህ ሐሳብ አላቸው። ልጁን እንደ አምና አሰልፈው ማስቆጠሩን ብቻ እየጠበቁ ከሆነ ገና አልወሰኑም፤ እስከ ኦክቶበር 31 ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ነው የሚቀራቸው።